ያልተጻፈው መስመር

የካቲት ነው። ፓርኑ። ባሕሩ ደንድኗል፤
ጀልባው በጎኑ እንደ በሬ ተኝቷል።
እኔ የችሎት ጸሐፊ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ፣
ሃያ አንድ ዓመት ቃል ለቀምኩ ከስንቱ ጉዳይ፤
የዛሬው መዝገብ ግን ከአፍ አይለቀምም፤
ሁሉ የእጅ ነገር ነው፣ ጆሮ አይጠቅምም።

ታርሞ ጀልባ ጠጋኝ፣ አይኖ ልብስ ሰፊ ናት፤
«መስማት የተሳናቸው» ይላል የክሱ ወረቀት፤
እነሱ ግን «ተሳነን» ብለው አያውቁ አንድ ዕለት።
ልጃቸው ቲያ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣
እንደነሱው ናት፤ ጣቷ ነው አንደበቷ።

ዶክተር ካልዩ ትንሽ መሣሪያ አለው፣
ከጆሮ ጀርባ፣ ቆዳ ሥር የሚቀብረው።
«ረፍዷል፤ ጨርሶ ሳይመሽ ይተከል» ይላል፤
«እርጥብ ነው የሚጎብጥ፤ የደረቀ ይሰበራል።»
የመንግሥቱ ጠበቃም ቀበል ያደርጋል፦
«ልጅ የወላጅ ዕቃ አይደለም፤ ነገ ራሱን ይሆናል፤
በር ዘግቶ ማሳደግ መብት ነው ማን ይላል?»

ታርሞ ተነሣ፣ አየሩን በእጁ ቀዝፎ፤
የአስተርጓሚዋ አፍ ቃሉን ከጣቱ ቀጥፎ፦
«ቤታችን በር አለው። እናንተ ያላያችሁት
በእጅ ስለሚከፈት።
ያልተሰበረ ልጅ ለጥገና አይሰጥም፤
እኔ ጠጋኝ ነኝ፤ ደህና ጣውላ አልፈልጥም።»

የሁለቱንም ጻፍኩ። የሁለቱም ገባኝ።
ዳኛ ስላልሆንኩ ደስ አለኝ፤ ይህም አሳፈረኝ።

«የልጅቱስ ቃል?» አለች ዳኛ ኡርቬ፣ በሦስተኛው ቀጠሮ፤
ችሎቱ ጸጥ አለ፣ እንደተነጠቀ ጆሮ።
ሦስት ቀጠሮ ሙሉ «ትስማ፣ አትስማ» ስንል፣
«ትሰማ» ያለ ሰው አልነበረም ከመሃል።
መስማማት ከመስማት መወለዱን ረስተን
ልጁን ከእናቱ ልንፈርድ ተሰብስበን።

አስወጣቻቸው። ዶክተሩን፣ ጠበቃውን፣ እናትና አባቷን።
ካባዋን አወለቀች፤ ወረደች ከወንበሯ፤
ከልጅቱ ጉልበት ጋር እኩል ሆነ ጉልበቷ።
ቀረን አራት ሴቶች፦ ዳኛ፣ አስተርጓሚ፣ እኔ፣ እሷ።

ቲያ እጇን ፈታች፤ ጥቂት አመነታች፤
አስተርጓሚዋ እየቆየች፣ እየቆየች፦
«ማጥፊያው በማን እጅ ነው የሚቀመጠው?
ስተኛስ አወልቀዋለሁ? ሲሰለቸኝስ ማን ይዘጋዋል?
አንድ ነገር ግን አለ፤
መጋቢት ላይ፣ በረዶው ሲሰነጠቅ፣
ሰው ሁሉ በአንዴ አንገቱን ወደ ባሕር ያዞራል።
እኔ የማየው አንገታቸውን ነው።
አንድ ጊዜ፣ ዞር ከሚሉት ጋር ዞር ማለት አማረኝ።
ከዚያ ወዲያ እንጃ።

ለእናቴ ግን እንዳትነግሪያት።
እሷ የሰጠችኝ ቋንቋ ያነሰኝ ይመስላታል፤
ስትከፋ እጆቿ ጭኗ ላይ ይሞታሉ።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም እንዳትጽፊ።
ትልልቆቹ እናንተ ናችሁ፤
ብትተክሉም ባትተክሉም፣ ‹ቲያ አለች› አትበሉ።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረቀ።
ሕጉ አጭር ነው፦ የተባለ ሁሉ ይጻፍ።
ሃያ አንድ ዓመት፣ የሐሰተኛ ምስክር ሳል እንኳ
ከመዝገቤ አላመለጠም።
ዳኛዋን አየሁ። ጻፊም አላለች፤ ተዪም አላለች፤
ካባዋን ትለብስ ነበር፣ እጅጌው ጠፍቷት።

«ልጅቱ ተሰማች» ብዬ ጻፍኩ።
ቀጣዩን መስመር ባዶውን ተውኩት።

ቀጠሮው ለመጋቢት መጨረሻ ተቆረጠ።
ዶክተሩ «ጊዜ እኮ...» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ።
ጥፋት ከሆነ የእኔም እጅ አለበት፤
ባዶ መስመር ለማን እንደሚፈርድ አላውቅም።

በመስኮት አየኋቸው፣ ደረጃው ላይ።
አይኖ ጎንበስ ብላ የሱፍ ቆቡን
ልጇ ጆሮ ላይ ሳበችው፣ ብርድ እንዳይነካው፤
ከዚያ ጓንቷን አወለቀችና በጣቶቿ ጠየቀች፦
ምን አልሻቸው?

ቲያ ሁለቱን እጆቿን ኪሷ ከተተች።