የብርጭቆው እድፍ

ከቢቸና መናኸሪያ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
የሰው ራስ አጥባለሁ፤ ውሃ ሲመጣ በቧንቧ፣ ሲጠፋ በጀሪካን።

ግንቦት ላይ ነው ይርሳው ካርቶኑን ይዞ የመጣው፣
ከባህር ዳር በአይሱዙ፣ ሸሚዙን ሳያጨማድደው።
«ፒሊንግ ነው» አለ። ጠርሙሱ ላይ የተሳለችው ሴት
ዓይኗ ብቻ ነው ሰው፤ ሌላው እንቁላል ይመስላል፣ የተላጠ ለት።

«አየሽ፣ ዋናው ነገር ጠብታዋን ማሸት ነው፤
በደረቅ እጅ፣ በደረቅ ፊት፣ እንደ ሊጥ ማዞር ነው፤
ያኔ የሞተው ቆዳ እየተጠቀለለ ይረግፋል፣
ደንበኛሽ በዓይኗ ታየዋለች፤ ከዚያ በላይ ምን ምስክር ያሻል?»

ምስክር አላሻም።
የዝባለም፣ የማዘጋጃዋ ገንዘብ ያዥ፣ ቆጥራ የማትሳሳት፣
ግራጫ ፍርፋሪ፣ እንደ ላጲስ ብናኝ፣ ከግንባሯ ሲረግፍ ዕንባ መጣባት።
«ይኼን ሁሉ እድፍ ተሸክሜ ነው የኖርኩት?
በዚህ ፊት ነው ቅዳሴ የቆምኩት? ሰርግ የበላሁት?»
ስምንት መቶ ብር፣ ሳትከራከር። ሦስት መቶው የኔ ድርሻ።
ፎጣ አቀበልኳት፤ ለዕንባዋ መጥረጊያ፣ ለፍርፋሪው ማበሻ።

ሰኔ ሸጥኩ። ነሐሴ ሸጥኩ። ለእንቁጣጣሽ ካርቶኑ አለቀ፤
ይርሳው አዲስ ስልክ ገዝቶ፣ በአዲሱ ስልክ ደውሎ ሳቀ።
የአንጓች ጉንጭ ፀሐይ ሲያይ ተንገበገበ፤ «እየሠራ ነው» አልኩ፤
ያስጠናኝን ሁሉ፣ እንደ ዳዊት፣ ቃል በቃል ደገምኩ።

አባቴ ብራና ፋቂ ነው።
ዲማ ላይ፣ አርባ ዓመት፣ የፍየል ቆዳ ወጥሮ በእንጨት፣
ጠጉሩን ከነስቡ እየገፈፈ፣ በድንጋይ እያሸ ኖረበት።
ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ፋቂ» ሲለው ዝም ብሎ ራቱን ይበላል፤
በማግስቱ በዚያው ቆዳ ላይ መሪጌታው ወንጌል ይጽፋል።

ለጥቅምት ማርያም ስሄድ ጠርሙሱን አንሥቶ አገላብጦ አየው፤
«ቆዳ ይልጣል» አልኩት። በሁለት ጣቶቹ መሐል አሸው።
ረገፈ። ዝም አለ። ወደ አፍንጫው አስጠጋ።
«ቆዳ ይሸታል፣ ልጄ። ይኼ ከሙጫ እንጂ አልመጣም ከሥጋ።»

ከዚያ የውሃ ብርጭቆውን አነሣ፤ ጎኑን በኩታው ጠረገ፤
አንድ ጠብታ ጣለበት፤ በአውራ ጣቱ ፈተገ።
ያው። ግራጫው። የላጲሱ ብናኝ። ያ የግንባር እድፍ፣
ብርጭቆው ላይ ሲጠቀለል፣ ጭኑ ላይ ሲረግፍ።
«ይኼ ብርጭቆ መቼ ሞቶ ነው ቆዳው የሚነሣ?»
አልሳቀም። አጥቦ ውሃ ጠጣበት፤ ተኛ፣ ነገሩን ዳግም ሳያነሣ።

እኔ ግን አልተኛሁም። አባቴን «ፋቂ» ብለው የሚሸሹት
ለልጁ ከፍለው ተፋቁ፤
ፊታቸው እንዳለ አለ፤ ከኪሳቸው ነው የተላጡት።

ሰኞ የዝባለም መጣች፣ ሦስተኛ ጠርሙስ ልትወስድ።
ፎጣ አላቀበልኳትም። ወሰድኳት መስታወቱ ዘንድ፤
ግንባሯ በሚታይበት በኩል ጠብታዋን ጣልኩ፤
አሸሁ።
ረገፈ።
ምንም አላልኩ።

ጣቷን ሰዳ ፍርፋሪውን ነካች። ቆየች።
«ታዲያ» አለች፣ «ፊቴ ንጹሕ ነበረ?»
መልስ አልነበረኝም፤ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተሰነቀረ።

ድርሻዬን፣ የሁለቱን ጠርሙስ፣ ስድስት መቶ ብር አወጣሁ።
ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረችው።
«አንድ ሺህ ይጎድላል» አለች፤ «እሱን ከማን ነው የምቀበለው?»

ስልኬ ጠራ። ይርሳው ነው። ካርቶን ጭኗል። ሞጣን አልፏል፤ እየመጣ ነው።

አቀበልኳት።