የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አራት

ከቦዩ ዳር ካለው መዝገብ ቤት፣ ጌንት ከተማ፣
ዝናቡ በመስኮቱ ሲወርድ እየተሰማ፣
አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ ገባሁ በማለዳ፣
በኪሴ አጣጥፌ፣ እንደ ሰው ዕዳ፦
«ጎደሊቭ ቫን ሃውተ፣ የተልባ ፋብሪካ ሠራተኛ፣
መጋዘኑን ማቃጠሏን አመነች ለዳኛ።»
ስሟን በእኔ አፍ ስጠራው «ጎደለ» ይላል፣ «ጎደለ»፤
ምን እንደጎደለ ግን የጠየቀ ማን አለ?

መዝገበ ዕውቀቱ ላይ እንዲህ ነው የሰፈረው፣
ከግርጌው ዐሥራ አንድ ማጣቀሻ የደገፈው።
ዐሥራ አንድ! ማን ይጠራጠራል? እኔም አምኜ አለፍኩ፣
ዓመት ቆይቼ ነው አንድ በአንድ መፍታት የጀመርኩ።
መጽሐፉ ከመጽሔቱ፣ መጽሔቱ ከመጽሐፉ ሲቀዳ፣
የአስጎብኚው ወረቀት ደግሞ የሁለቱ እንግዳ፣
ሁሉም ደርሰው ቆሙ ካንድ ጋዜጣ ደጃፍ፣
ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት፣ ከሦስተኛው ገጽ ጫፍ፦
«ሰምተናል» ይላል ጋዜጣው። ከማን እንደሰማ አይልም።
ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ያለ አልተሳሳተም።

«በላ ልበልሃ!» የሚል የሀገሬ ሙግተኛ
እዚህ ቢቆም ኖሮ ይህን ወሬ አያስተኛ፤
ዘንጉን እየነቀነቀ፣
«አየህ? ወይስ ሰማህ? ከሰማህስ ከማን?» ብሎ በጠየቀ።

አርናውት፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ ሳል የማይለቀው፣
«በእርሳስ ብቻ» ብሎ ሣጥኑን ፊቴ አስቀመጠው።
ሲባጎው የተልባ ክር ነው፤ ስፈታው ቡን አለ፤
እኔም ሳልኩ። «አሁን የኛ ሆንክ» አለ።

የችሎቱ መዝገብ ፈረንሳይኛ፤ እሷ ፍላማንኛ ተናጋሪ፣
ዳኛው የማይሰማት፣ ጸሐፊው በግምት አሻጋሪ።
«አቃጠልኩ» አለች፣ ይላል ጽሑፉ፣ ባማረ ቀለም፣ ቀጥ ብሎ።
ከኅዳጉ ግን በእርሳስ፣ የሌላ ሰው እጅ፣ ተቻኩሎ፣
ቃሏን እንደወረደ በቋንቋዋ አስቀምጦታል፦
«ተቃጠልኩ።» ከጎኑም «ቀኝ እጇን አሳየች» ይላል።

አ እና ተ። በእኔ ቋንቋ አንዲት ፊደል ናት፤
በእሷ ግን ስምንት ወር ወኅኒ፣ መቶ ዓመት ሐሜት።

(እኔም አስተርጓሚ ነኝ፣ ችሎት ሲጠራኝ የምሄድ።
አንድ ጊዜ «ተያዝኩ» ያለኝን ሰው «ያዝኩ» ብዬ አሻገርኩት።
በማግሥቱ ደውዬ አስተካከልኩ።
ያቺ ሌሊት ግን እስካሁን አልነጋችም።)

ይግባኙ በሚያዝያ ተሰማ፤ ነፃ ወጣች።
ጋዜጣው በሚያዝያ ስለ ብስክሌት ውድድር ጻፈ፤
የጎደሊቭ ነገር በዚያው አለፈ።

አረምኩት። በማግሥቱ አንድ የማላውቀው አራሚ ሰረዘው፦
«ጥሬ መዝገብ ራስህ ተርጉመህ፣ ምስክርም ዳኛም ሆነህ፣ አይሆንም» ሲል መለሰው።
ተናደድኩ። ከዚያ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ልክ ነው አልኩ፤
እኔስ ማን ነኝና? የዚያን ጋዜጣ ጌታ በምን በለጥኩ?
ምንጭ ስንል ውኃውንም ነገሩንም ነው፤
ከታች የቆመ ሁሉ ድፍርሱን ነው የሚቀዳው።
ወደ ላይ ወጣሁ፣ ሦስት ቅዳሜ፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፤
አንድ የሕግ መጽሔት አገኘሁ፣ የሃያ ስድስት፣
ይግባኙን ቃል በቃል ያተተ፣ የመዝገቡን ቁጥር ከነቀኑ።
ከዐሥራ አንዱ ሦስቱን ብቻ ተውኩ። አራተኛው እሱ ነው።

ጽሑፉ አሁን አጥሯል። «ተከሰሰች» ይላል፤ «ነፃ ወጣች» ይላል፤
«እሳቱን ማን እንዳስነሣው አይታወቅም» ይላል።

ያን የመጀመሪያ ዕለት፣ መዝጊያው ሰዓት ደርሶ፣ አርናውት ሲባጎውን ሲያስር፣
ከክዳኑ ሥር ካርድ አሳየኝ፣ የጠያቂዎች ስም ዝርዝር።
ባዶ ነው።
ዐሥራ አንድ ሰው ስለሷ ጽፎ፣
ሣጥኑን የከፈተ አንድም የለም።
በእርሳስ ስሜን ጻፍኩ።
ከስሜ በታች ገና ብዙ መስመር ነበር።