ማዘር

እናቱን መርጦ የተወለደ ማን አለ በዚህ አገር?
እኔ ግን ይኸው ዘጠነኛ ቀኔ፣ ስመርጥ አንዲት ማዘር።

ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ነፋሱ መስኮቴን ይደበድባል፣ እንደ ተቆጣ አከራይ፤
እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ስልኬን ከፊቴ አስጠግቼ
የማዘር ፎቶ አያለሁ፣ በሁለት ጣቴ ጎትቼ፣
አስፍቼ፣ አጥብቤ፣ ደግሞ አስፍቼ።

እቁብ ወጥቶልኛል። ሠላሳ ስምንት ሺ።
ሰብሳቢው አቶ ሽኩር ቆጥረው ሲሰጡኝ፣
"ምን ልታደርግበት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።
"ቤት ልሠራ" አልኩ። ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም፤
ማዘር የሌለው ኮምፒውተር ማደሪያ የለውም፦
ፕሮሰሰሩ መሐል ወንበሩ ላይ፣ ራሙ ቆሞ በተርታ፣
ግራፊክስ ካርዱ፣ ያ ወፍራም እንግዳ፣ የሁለት ሰው ቦታ
ይዞ የሚቀመጥ፣ ሲጫወት የሚግል፣ የሚያፏጭ በማታ።

ፕሮሰሰሩ አለኝ። ከአንድ አርክቴክት እጅ ገዝቼ
ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጥኩት፣ በምሳ ዕቃ ዘግቼ።
እግሩ ግን በማንኛውም ጫማ አይገባም፤
"ሶኬቱ ካልገጠመ" ይላል ሙአዝ፣ "ወርቅ ቢሆን አይበራም።"

እኔ የሰው ግድግዳ እየበሳሁ ሽቦ የምዘረጋ
የመብራት ሠራተኛ ነኝ፤ ስንቱ ቤት በእጄ ነጋ!
አውቃለሁ፣ ጭነት ያልቻለ ሽቦ መጀመሪያ እንደሚሸት፣
ቀጥሎ እንደሚጠቁር፣
ከዚያ ወዲያ ልቅሶ ቤት።

ሙአዝ ሁለቱን አወጣና መስታወቱ ላይ ደረደረ።
አንዷ ሙሽራ ናት፤ ጠርዟ በቀለም መብራት የታጠረ፣
ነጭ ልብስ፣ የብር ጌጥ፣ ስሟ በትልቁ የተጻፈ፤
ቀልቤ እሷ ጋ አረፈ።
ሌላዋ ጥቁር ናት፣ ዝምተኛ፣ ጌጥ ያልነካት፤
ሙቀት ማስወጫዋ ወፍራም፣ ትከሻዋ ሰፊ ናት፤
አራት የራም ማስገቢያ አላት፣ ሁለቱ ለነገ፣ ክፍት ቤት።

ሙሽራዋን አዘነበልኳት። ጌጧን በጥፍሬ ከፍ ሳደርግ
ኃይል ማከፋፈያዋ ራቁቱን ነው፤ ለጌም ቀርቶ ለሠርግ
ቪዲዮም አትሆንም።
"ወንድሜ፣ ሰው የሚገዛው በዓይኑ ነው" አለ ሙአዝ። አልካደም።

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። ማዘር። የእውነቷ፣ ከአዳማ።
"የት ነህ?"
"ማዘር ልገዛ መጥቼ" አልኳት፣ አፌ ቀደመኝ፣ ሙአዝም ሰማ።
ዝም አለች። ቀጥላ፣ ሳቋን እንደ መያዝ እያደረገች፣
"እኔን በነጻ አግኝተህ እንኳ ስንቴ ተማረርክ!" አለች።
ሙአዝ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሁለት ሺ ብር ቀነሰልኝ፤
"ለማዘር ብዬ ነው" አለኝ።
ለየትኛዋ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ጥቁሯን ወሰድኩ። ከራሙ ጋር ሲደመር ለኬዝ የተረፈ የለም።
ከመገናኛ ሚኒባስ ስገባ፣ ረዳቱ "ካርቶኑን ወደ ኋላ!" ሲል
"የራሷን እከፍላለሁ" አልኩት።
ከመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት፣ ጉድጓዱ እንዳያነጥራት።

ማታ፣ በገዛ ካርቶኗ ላይ ዘርግቼ ገጠምኳት።
ፕሮሰሰሩ ገባ፤ ሳይገፉት፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣
ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው።
ራሙ ቀጭ አለ። ገመዱን ሰካሁ። ጣቴን ማብሪያዋ ላይ ሳሳርፍ
መብራት ሄደ።

ሰፈሩ በአንድ አፍ "ኤጭ!" አለ፣ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ።
ከመጨረሻው ብሎክ ማዶ፣ ገና ካልታረሰው ግንባታ ወዲያ፣ ጅብ ጮኸ ከሩቅ።
አያንቱ፣ የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ፣ በሩን መታች፦
"የመብራት ሰው፣ የእኔ ቆጣሪ ነው ወይስ ሁሉም ቤት?"
"ሁሉም ቤት" አልኳት።
እንደ ተቀመጥኩ፣ በጨለማው ጥቁሯን ዳበስኳት፤
አሉ። ሁለቱም አሉ፣
የነገዎቹ ክፍት ቤት።