ወናፍ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ከፍጥነት መንገዱ ዳር፣
ልስኑ ያላለቀ ሆስፒታል አለ፣
ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ከሐኪም በላይ የሚናገር።
መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ጄኔሬተሩ ሲያስነጥስ፣
እኔ ከታማሚው ራስጌ ነኝ፤
ሥራዬ የሰው ትንፋሽ ተበድሮ መመለስ።

ዛሬ የተኛው ኩምሳ ነው፣ ሲሚንቶ ጭኖ የሚነዳ፣
ከደርባ እስከ ገላን አቧራ ሲውጥ የኖረ፣
ቦርጩ ከመሪው ጋር ጉርብትና የጀመረ።
ሐሞቱ ጠጥሮበት ሌሊቱን ሲጎዳ፣
"እህቴ፣ ካልነቃሁ ለዕቁቡ ዳኛ ንገሪው፣ ዕዳዬን ይሰርዝ" አለኝ።
"ትነቃለህ፣ ትከፍላለህ።"
ሊስቅ ሲል መድኃኒቱ ደረሰ፤
ሳቁ ሳይጀመር ከከንፈሩ ፈሰሰ።

ሰው እንቅልፍን የሚያውቀው ዓይን ሲከደን ነው።
እኔ የማየው ሌላ ነው።
የደረት ሥጋ ይላላል፣ ሆድ ዕቃ ሽቅብ ይገፋል፣
በጀርባ በኩል ያለው የሳንባ ጓዳ
ድምፅ ሳያሰማ፣ ክፍል በክፍል ይታጠፋል።
አይደማም። አይጮህም። ቢላዋ አልነካው።
ባለቤቱ እንደ ሸሸ ሱቅ ዝም ብሎ ይዘጋል፤
የሚናገር ቁጥሩ ብቻ፤
ዘጠና ሰባት። ዘጠና አራት።
ዘጠና አንድ።

"ኦክስጅኑን እስከ ጥግ ልክፈተው?" አለ ተለማማጁ፣ ላብ አጥምቆት።
"ተው፣ አቤኔዘር። ኦክስጅን የቸኮለ እንግዳ ነው፤
ደም በር ላይ ቆሞ ይወስደዋል፣ ቤቱ ባዶ ይቀራል።
ናይትሮጅን ግን ሰነፍ ተከራይ፣
ሥራ የለው፣ ወሬ የለው፣
እሱ ካለ ጣራው አይወርድም፣ ግድግዳው ቆሞ ያድራል።"

የአልጋውን ራስጌ ቀና አደረግሁ፤
ከረጢቱን በእጄ ያዝሁ።
ቀስ። ቀስ። ገባ። ያዝ።
እስከ አስር ልቆጥር ስል ደም ግፊቱ ወረደ፤
ለቀቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ደገምሁ።
ዶክተር ህላዌ ከመጋረጃው ማዶ፣
"ሆዱ ተነሣብኝ እኮ! ምን እየሠራሽ ነው?"
"ቤት እየከፈትሁ።"

ይህን መጀመሪያ ከመጽሐፍ አልተማርሁትም።
አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ጭስ በጠገበ ዳስ፣
አባቴ ብረት ይቀጠቅጣል፤
የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ወናፍ እነፋለሁ፤
ማረሻውን የሚወስዱ፣ እጁን መጨበጥ ግን የሚሸሹ ሰዎች
ከደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ከውስጥ አያቸዋለሁ።
"አሟጥጠሽ አትጭመቂው" ይለኛል፣
"የፍየል ቆዳ ነው፣ እርጥብ ነው፤
ሆዱ ከጀርባው ከተጣበቀ
በምን ጉልበት ታላቅቂዋለሽ?
ትንሽ አየር አስቀሪለት፣ እንደ እርሾ።"

በኩምሳ ትንፋሽ መጨረሻ ላይ እርሾ አስቀረሁ፤
መሣሪያው ላይ አምስት፣ ቀጥሎ ስምንት።
ዘጠና ሦስት። ዘጠና ስድስት።
አቤኔዘር "ኡፍ" አለ፤
ለካ እሱም ትንፋሹን ይዞ ኖሯል።

ሲነጋ ኩምሳ ጎኑን ይዞ ተኮሳተረ።
"ቀና በል። ወደ ውስጥ ሳብ፣ ያዝ። አሁን ሳል።"
"ያመኛል።"
"ትራሱን ሆድህ ላይ እቀፍና ሳል።"
"ሰው ሐኪም ቤት የሚመጣው ሳል እንዲለቀው አይደል እንዴ?" አለ፤
ሳለ፣ ተሳደበ፣ እንደገና ሳለ።

ስለ አባቴ አልነገርሁትም።
እሱንም ቀደውት ነበር፣ በንጹሕ እጅ፣ በደኅና ስፌት፤
በጀርባው አስተኝተው አራት ቀን
"ይረፍ፣ አትቀስቅሱት" አሉን።
እኔም ከግርጌው ተቀምጬ ዝንብ እከለክል ነበር፣
የጓዳው መዘጋት ሳይሰማኝ።
በአምስተኛው ቀን አረፈ።

አሁን ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤
ስንቅነሽ ቁጥሮቹን ትጽፋለች፤
እኔ ከአልጋ ወደ አልጋ እዞራለሁ፣
የሚያርፈውን ሁሉ የምቀሰቅስ፣ የተጠላሁ ሴት፤
ቀና በል። ሳብ። ያዝ።
ሁሉን አታውጣ።
ትንሽ አስቀር።