ባለ ትራሙ ሸክላ

ገንቦ ገዢ አንኳኩቶ ስንጥቁን በድምፁ ያውቃል፤
የኔ ሸክላ ግን ሳይነካ ለዓይን ብዙ ይናገራል።
መጀመሪያ አላጫውትም፤ መጀመሪያ አሸታለሁ፣
ምድር ቤት የከረመውን ከሽፋኑ እለያለሁ።
ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዛግሬብ ደመናማ ሰማይ፣
አዘንብዬ አያለሁ ጭረቱ ከቦዩ ሲለይ።
ፀጉር የምታህለው አትሰማም፤
ጥፍር የምትይዛት ግን ታንኳኳለች፣
በየዙሩ አንዴ፣ እንዳበዳሪ ደጅ ትመታለች።

ይኸኛው ግን ለብቻው ነው፣
በመዝገቤ «ባለ ትራሙ» የተባለው።
በስድሳ አንድ፣ በጥር ሌሊት፣ በአሮጌው የስፖርት አዳራሽ፣
ኦርኬስትራው ከቼሎው ሥር ቀስ ብሎ ሲሸሽ፣
በሁለተኛው ክፍል መሐል፣ አራተኛው ደቂቃ ሲያልፍ፣
ከወለል በታች ይመጣል ጉርምርምታ፣ እንደ አዛውንት እንቅልፍ።
አሥራ አራት ቁጥር ትራም ነው፤ ከአዳራሹ ጀርባ ይታጠፋል፣
ሲታጠፍ ሲጢጥ ይላል፤ ቼሎው ግን ይቀጥላል።

ኋላ የታተሙት ንጹሓን ናቸው፤
አንድ መሐንዲስ ወፍራሙን ድምፅ ቆርጦላቸው።
ትራሙ ሄደ፤ የቼሎው ሆድም አብሮት ሄደ፣
ጅማቱ ቀረ እንጂ እንጨቱ ተወሰደ።
ስለዚህ የኔ ፍርድ የተገላቢጦሽ ነው፤
ጉድፉን ነው የማስወድደው፣ ንጹሑን ነው የማረክሰው።
ከኦሳካ አንድ ሐኪም ሦስት ጊዜ ጽፎልኛል፤
«ትራሙ በግራ ነው ወይስ በቀኝ?» ይለኛል።

ትናንት አንድ ሽማግሌ ገባ ጃንጥላውን አራግፎ፣
ሽንኩርት በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ።
«ቲሆሚር ነኝ» አለ፤ «ስለ ሸክላ አላውቅም፣
ሙዚቃም አልወድም፤ ልግዛ ብልም አቅም የለኝም።
የእህቴ ልጅ እንዳለችኝ ያ ትራም እዚህ ይሰማል፤
የዚያ ሌሊት ነጂ እኔ ነኝ፤ አንዴ ቢያሰሙኝ ምን ይጎድላል?»

መርፌ ባረፈ ቁጥር ሸክላ ትንሽ ይበላል፤
አውቃለሁ። የኦሳካው ሐኪም ቀብድ ልኳል።
ቢሆንም አወጣሁት። አቧራውን ጠረግሁ፣
ክንዱን በሁለት ጣት ደግፌ አወረድሁ።
ቼሎው ሲያለቅስ እሱ ሰዓቱን አየ፣
አዛጋ፤ የሽንኩርት ልጣጭ ከኮቱ ላይ ለየ።

አራተኛው ደቂቃ።
ጉርምርምታው ሲነሣ ቀኝ እጁ ተነሣች፣
የሌለ መዘውር ጨብጣ አየር ላይ ቀስ ብላ ዞረች።
ሲጢጥ!
«ያውና! የኋላው ጎማ! ዘይት አጥቶ የሚጮኸው፤
ለዴፖው ሦስቴ ጽፌ ነበር፤ ማን ነበር የሰማው?
አራት ደቂቃ ዘግይቼ፣ አንድ ተሳፋሪም አልነበረኝ፤
አዳራሹ መብራት ነበረው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ነግሮኝ!»

ቼሎው ገና አልጨረሰም። እሱ ግን ተነሣ።
ዋጋውን ጠየቀ፤ ነገርኩት፤ የሦስት ወር ጡረታው።
ሳቀ። «ለዚህ ጩኸት! ያኔ የዘይት ዋጋ አጥተው!»

ማታ መዝገቤን ገለጥሁ፣ ለሐኪሙ ልጽፍለት።
ፊት፦ ጥሩ። ጠርዝ፦ ትንሽ የተጠማዘዘ። ጭረት፦ ሁለት።
ከዚህ በታች ግን ብዕሬ ትንሽ ያቅማማል፤
ትራም፦ አለ። በግራ በኩል።
የኋላ ጎማው ዘይት ይፈልጋል።