ቅንፍ

ከሌሊቱ ስምንት። ብራስልስ ዝናብ ነው።
ከአዳራሹ ጥግ፣ ከመስታወት ቤቴ ቁልቁል የማየው
ሃያ ስንት ወንበር፣ ሃያ ስንት ባንዲራ፣
ሃያ ስንት ብርጭቆ ውሃ፣ ቆሞ ተራ በተራ።
ውል ሊዋዋሉ መጥተው፣ ከትናንት ጧት እስከ ሌሊት
ውሉ ጠፍቶባቸዋል፣ ድመት እንዳገኘው ልቃቂት።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሕጉም አንድ ነው፣ ቀላል፦
ሰውዬው «እኔ» ሲል አስተርጓሚም «እኔ» ይላል።
«እሱ እንዳለው» አይባልም፤ «እንዲህ ብለዋል» ክልክል ነው፤
የአፉን ቃል በአፌ ወስጄ እንደ ራሴ ነው የማወራው።

«እኔ» አሉ የሰሜኑ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው።
«እኔ» አልኩኝ በግሪክኛ፣ ምራቄን ዋጥ አድርጌው፤
«የሌላውን ሰው ዕዳ ለምን እከፍላለሁ?
የሕዝቤን ጥሪት በቀዳዳ ስልቻ ለምን እጨምራለሁ?»
አልኩ። በጥሩ ግሪክኛ። ሰዋስው ሳላጎድል።
በአባቴ ቋንቋ፣ በአባቴ ለዛ፣ እሱ ባስቆጠረኝ ፊደል።

አባቴ ስታማቲስ፣ ቮሎስ ወደብ ላይ
ሠላሳ አራት ዓመት ክሬን ነዳ፣ ከምድር ተነቅሎ፣ ሳይደርስ ከሰማይ።
ጡረታው ሦስቴ ተቆርጦ
አራተኛውን ይጠብቃል፣ ከሬዲዮው ሥር ተቀምጦ።
የማሞቂያ ዘይት ትቶ የወይራ ጉማጅ ያነድዳል፤
ስደውልለት «ሞቆኛል» ይላል፤ ሲዋሽ ድምፁ ይሳሳል።

ደግሞ የእኛው ሰው ተነሡ፣ ክራባታቸውን አጠበቁ፤
«እኛ ቆርጠናል» አሉ፣ በኩራት፣ ሳይሳቀቁ።
ይህንን መተርጎም የእኔ ድርሻ አልነበረም። ዝም ብዬ አዳመጥኩ።
ከቃሉ ውስጥ መቀስ ሰማሁ።

እኩለ ሌሊት ላይ የግድግዳውን ሰዓት አስቁመውታል፤
የቀን ገደብ አለባቸው፣ ካለፈ ነገር ይበላሻል።
ሰዓቱ ቆሞ የሰዎቹ ጢም ያድጋል፤
ወለድም ሰዓት አያነብ፣ በጨለማ ይረዝማል።

ረቂቁ ላይ፣ ያልተስማሙበት ቃል በቅንፍ ይታጠራል፤
እንደ ተጠርጣሪ ሰው፣ ፍርድ እስኪያገኝ እዚያው ያድራል።
አንቀጽ አራት፣ ንዑስ ሁለት፦ «ጡረታ» የሚለው ታስሮ፣
ዘበኛ መሳይ ቅንፍ ግራ ቀኙን አጥሮ።
ጸለይኩ፣ አምላክ ይወቅልኝ፣ ዕድሜ እንዲሰጠው ለዚያ ቅንፍ፤
ምላስ ቢያዳልጠው፣ በአንድ ፊደል፣ ክንፍ።

«ተራዬ ነው፣ ልቀበልሽ» አለች ፎቲኒ፣ ካራሜላ ሰጥታኝ።
እምቢ አልኳት። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝ።

ሊነጋጋ ሲል አንድ ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ በጆሮ
ለሰሜኑ ሰው የሆነ ነገር ነገረ፣ ድምፁን ቀብሮ፤
ቶኪዮ ገበያ ተከፍቷል። ያኔ ሁሉም ተስማማ።
ቅንፉ ተነሣ። ሲወድቅ ማንም አልሰማ።

«እኔ እስማማለሁ» አሉ አንዱ። «እኔ እስማማለሁ» አልኩኝ።
«እኔም»። «እኔም» አልኩ። «እኔም»። ስንት ጊዜ እንደሆንኩ ጠፋኝ።

ከዚያ ደረጃ ላይ ተደርድረው «የቤተሰብ ፎቶ» ተነሡ፤
ስሙ እንዲያ ነው። የማን ቤተሰብ? አልጠየቁም፣ አልነካኩም ነገሩን፣ ሳቁ።
በየጋዜጠኛው ፊት፣ በየቋንቋው፣ «አሸነፍን» አሉ በየተራ፤
«አላስደፈርንም» አሉ የእኛው ሰው፣ በዚያው በተሸበሸበ ከራቫታ።
ሁሉም አሸንፎ ከገባ ተሸናፊው ማን ነበር?
ብዬ ሳስብ ስልኬ ጠራ። የአባቴ ቁጥር።

«ሬዲዮው ‹ተስማሙ› ይላል። ነበርሽበት አይደል? ማን ምን አለ?»
ዝናቡ መስኮቱን ያንኳኳል፣ ገና እንዳልተስማማ ሰው፣ እንዳለ።
«እኔ…» ብዬ ጀመርኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ቀጥሎ የለም።
«ድምፅሽ ተዘግቷል» አለኝ፤ «ሙቅ ነገር ጠጪበት። ግድ የለም።»