የገንፎ ወንበር

ላስቲኩን ስገፈው ያቆረው የክረምት ውሃ
ጫማዬ ውስጥ ወረደ።
አሥራ አራት ወሯ ነው ከአቮካዶው ሥር ከቆመች፤
የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ሰንሰለቷ ዝጎ ተገትሮ፣
ቀኝ መስታወቷ ላይ ሸረሪት ድሩን ወጥሮ።

"ትሸጥ" ብሎ ነበር ታሪኩ፣ ደላላ እቤት ድረስ ጠርቶ፤
ደላላው ሁለቴ ዞራት፣ "ለብረት ካልሆነች" ብሎ
ሄደ፣ ሻዩን ጠጥቶ።
እኔ ግን ሰኞ ሥራ እገባለሁ።
ማና ላይ የሚከተብ ከብት አለ፣
ደዶ ላይ ከሰነበተች የምታነክስ ላም፤
መንገዱን ባጃጅ አይደፍረውም፣
በእግር ከሆነ ቀን አይበቃም።

ቁልፉን አዞርኩ። መብራት የለም።
ጡሩምባዋን ተጫንኩ። ጭጭ።
ባትሪው ሞቷል። ይሁን፣ ያለ ባትሪም በእርግጫ ትነሳለች፤
ስንቴ ቀርሳ መንገድ፣ ጭቃ ውስጥ፣ አስነስቻታለሁ።
አንድ። ሁለት። ሰባት።
በአሥራ ሁለተኛው ጉልበቴ ከዳኝ፣
ጡቴ አግቶ ሸሚዜን አራሰው፤
ውስጥ ኢፍቱ ማልቀስ ጀመረች።
ሞተሯ እቴ! ትንፍሽም አላለች።

ካንዴላውን ፈታሁ፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።
በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣
ጫፉን ከብረቷ አስጠግቼ ረገጥኩ፤
እሳት የለም።

ከአጂፕ ማዶ የሚሠራውን ሸምሱን አስጠራሁ።
ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጫቱን በጉንጩ ይዞ መጣ፤
"ኮይሏ ነው፣ ሦስት ሺህ ታስወጣሻለች" አለ ገና ሳይነካት።
ከዚያ እጁ መሪው ላይ ሲያርፍ ዝም አለ።
ሳቀ።
ቀይዋ ማጥፊያ ተዘግታለች።
ማን ይዘጋታል?
ማታ ማታ ገንፎ አልበላም ስትል
ኮርቻው ላይ አስቀምጬ የማጎርሳት ማናት?
ያቺ ቀይ ነገር "ቀጭ" ስትል ደስ የሚላት?
"መካኒክሽ እቤትሽ ናት" አለኝ፤
ሦስት ሺሁም ቀረልኝ።

እንደገና ረገጥን፦ ሰማያዊ ብልጭታ፣
ከስንዴ ፍሬ ያነሰች፣ ግን እሳት።
ቤንዚኑስ?
ሰርባቶዮውን ከፍተን አሸተትን፤ ቤንዚን ቤንዚን አይልም፣
የከረመ ቀለም ይላል። በጀሪካን ስናወርደው
እንደ ሻይ ቀልቷል።
የካርቡሬተሯም ቀዳዳ ተደፍኗል።
ሸምሱ ከተበጠሰ የፍሬን ካቮ አንዲት ክር መዘዘ፣
ወጋው፣ ነፋው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ፀሐይ ያዘ፤
"በቃ፣ ጅሬን ታየኝ" አለ።

ግማሽ ሊትር አዲስ ቤንዚን፣ በሃይላንድ።
ረገጥኩ።
አሳላት። ሁለቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ
መልሳ ተኛች።

"አየር ነው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።
ከብት ሲታነቅ ድምፁን አውቀዋለሁ፤
ትንፋሽ የሚያጥረው ሁሉ ያው ነው።
የፊልትሮዋን ክዳን ፈታሁ፤
ጎጆ።
የኢፍቱ ፍራሽ ጥጥ፣
ጠፋ ብዬ ሰው ያማሁበት የክትባት መዝገብ፣
አይጧ ቀዳድዳ፣ አላምጣ፣ ጠቅልላ፣
መሐሉን እንደ መዳፍ አጎድጉዳ።
እጄን ሰደድኩ። ባዶ ነው።
አሳድጋ ወጥታለች።
ሸምሱ ሊጥለው ሲል "ቆይ" አልኩት፤
ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፣ እኔም በውል አላውቀው፤
ወስጄ ከእንሰቱ ሥር አኖርኩት።

በሦስተኛው እርግጫ ተነሳች!
ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ የጎረቤት ዶሮ አጥር ዘለለ፣
ወይዘሮ ሻሺቱ መስኮቷን ዘጋች፣
ኢፍቱ ዓይኗን አፍጥጣ
ዕድሜዋን ሙሉ የገንፎ ወንበሯ የነበረው
እንደሚጮኽ ዛሬ ሰማች።

ጎማዋን ነፍተን፣ እስከ አዌቱ ድልድይ ደርሼ ተመለስኩ።
ፍሬኗ ይንጫጫል፤ ባትሪዋ ገና አይታመንም፤
ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሸምሱ የለም።
ስለዚህ ከደጃችን ዳገት ራስ ላይ
አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ፣
ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ወትፌ አቆምኳት፤
ቀይዋንም ማጥፊያ፣
ከመግባቴ በፊት፣ ሁለቴ አየኋት።